ሁለት የወርቅ ሽቦዎች ሲላቀቁ የማየው ደረጃ ለምን 1፣ 2፣ 3 ላይ አይቆምም?

ወርቂት፦

ሰላም ለሁላችሁ። 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የወርቅ ሽቦዎች (ንጽሕናቸው 99.99 በመቶ) ተሻግረው እንዲነካኩ አድርጌ፣ ጠረጴዛውን ቀስ ብዬ መታ ሳደርገው ሲላቀቁ የሚያልፈውን ከረንት በኦሲሎስኮፕ እይዛለሁ። ሰርኪዩቱ ይህ ብቻ ነው፦ 50 ሚሊቮልት ምንጭ፣ ሁለቱ ሽቦዎች፣ ከእነሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ የሚወርድ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር። ኦሲሎስኮፑ የሬዚስተሩን ቮልቴጅ ያነባል። ከዚያ ከረንቱን አውጥቼ ለ50 ሚሊቮልት አካፍላለሁ፤ የወጣውን ደግሞ ለኮንዳክታንስ ኳንተም (አንድ የኤሌክትሮን መንገድ ብቻ ያለው ከረንት የማሳለፍ አቅም)፣ ማለትም ለ77.48 ማይክሮሲመንስ።

ደረጃዎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ችግሩ የሚቆሙበት ቦታ ነው፦ 3.05፣ 2.43፣ 1.73፣ 0.93። ሙሉ ቁጥር መሆን አልነበረባቸውም? ወርቁ ቆሻሻ ይዞ ይሆን?

ሌሎች ያልገቡኝ ነገሮችም አሉ። ሽቦዎቹ ሲገናኙ ሥዕሉ የመላቀቁ ግልባጭ አይደለም፤ ከዜሮ ተነሥቶ በአንዴ 0.93 ወይም 1.73 ላይ ይወጣል፣ በመሃል ምንም የለም። በመዳብና በአሉሚኒየም ስሞክረው ደግሞ ደረጃው ይጠፋና የተዘበራረቀ ነገር ብቻ ይቀራል። በመጨረሻም፣ የአንዱ ደረጃ ቁመት 3.6 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ኖይዙ ሊውጠው ነው። ምን ብቀይር ይሻላል?

---

ኦም_ቆጣሪ፦

ወርቅሽ ደህና ነው፣ ያሳሳተሽ ሬዚስተሩ ነው። 50 ሚሊቮልቱ በሙሉ ንክኪው ላይ እንዳረፈ አድርገሽ ነው ያሰላሽው፤ እውነቱ ግን ንክኪውና 1 ኪሎኦሙ ይካፈሉታል። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ አንድ ቻናል (ኤሌክትሮን በንክኪው የሚያልፍበት አንድ መንገድ) ሬዚስታንሱ 12,906 ኦም ነው። 1,000 ሲደመርበት 13,906 ይሆናል፤ 12,906 ለዚህ ሲካፈል 0.93። ሁለት ቻናል 6,453 ኦም ነው፣ ከሬዚስተሩ ጋር 7,453፣ ውጤቱ 1.73። ሦስት ቻናል 4,302 ሲሆን 2.43 ይሰጣል፤ አራት ቻናል 3,227 ሲሆን 3.05። አራቱም ቁጥሮችሽ ወጡ። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ስሕተቱ የሚብሰውም ለዚህ ነው፦ አንገቱ (ሽቦዎቹ የሚነካኩበት ጠባብ ቦታ) ሲወፍር የራሱ ሬዚስታንስ ይወርዳል፣ ሬዚስተሩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ያለሽን ዳታ ሳትጥዪ ማስተካከል ትችያለሽ። ከ50 ሚሊቮልቱ ኦሲሎስኮፑ ያነበበውን ቀንሺ፣ የቀረውን በከረንቱ አካፍዪ፤ የንክኪው ሬዚስታንስ እሱ ነው።

ለኖይዙ ግን ሬዚስተሩን አውጥተሽ ከረንትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር የኦፕ-አምፕ (የማጉያ ቺፕ) ሰርኪዩት አስገቢ። የሽቦው ጫፍ በቀጥታ ወደ ኔጋቲቭ መግቢያው ይሄዳል፣ ፖዘቲቩ ግራውንድ ላይ ይቀመጣል፣ ከመውጫው ወደ ኔጋቲቩ 100 ኪሎኦም የፊድባክ ሬዚስተር ይመለሳል። ኔጋቲቭ መግቢያው ዜሮ ቮልት ላይ ስለሚቆይ ቮልቴጁ በሙሉ ንክኪው ላይ ያርፋል። አንድ ቻናል በ50 ሚሊቮልት 3.87 ማይክሮአምፔር ያሳልፋል፤ ያ በ100 ኪሎኦም 0.39 ቮልት ነው። ከ3.6 ሚሊቮልት ጋር አስተያዪው።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎች አሉ። ምንጩ ራሱ ዝቅተኛ ሬዚስታንስ ይኑረው፦ 1.5 ቮልት ባትሪ በ300 እና በ10 ኦም ሲከፋፈል 48 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል፣ የውስጥ ሬዚስታንሱም 10 ኦም አይሞላም። 48ቱን ለክተሽ ተጠቀሚ፤ ባትሪው 1.5 ተብሎ ስለተጻፈበት ብቻ አትመኚው። ሁለተኛ፣ ከንክኪው እስከ ኦፕ-አምፑ ያለው ኬብል ይጠር። ኮአክሲያል ኬብል በሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ አለው። 3 ሜጋኸርዝ ባለው ቲኤል071 በተባለው ኦፕ-አምፕ ላይ፣ በ100 ኪሎኦም ፊድባክና በአንድ ሜትር ኬብል፣ ባንድዊድዙ ወደ 220 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ኬብሉን ወደ 20 ሴንቲሜትር ብታሳጥሪው ወደ 490 ይወጣል። ያም ካነሰሽ ፊድባኩን 10 ኪሎኦም አድርገሽ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሁለተኛ ማጉያ ጨምሪ። ሦስተኛ፣ ሽቦዎቹ አጥብቀው ሲነካኩ ኦፕ-አምፑ ጣሪያ ይመታል፤ ከጣሪያው ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ የላይኞቹን ደረጃዎች ይበላል። ከአምስት በላይ ያሉት ደረጃዎች ሁልጊዜ የተድበሰበሱ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ።

ትሪገሩን በሚወርድ ጠርዝ፣ በ0.5 ደረጃ ቁመት ላይ አድርጊና (ማለትም 0.19 ቮልት አካባቢ፤ ኦፕ-አምፑ ምልክቱን ስለሚገለብጥ ይህ የሚሠራው የባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ንክኪው ሲሄድ ነው) የትሪገሩን ነጥብ ወደ ስክሪኑ ቀኝ ግፊው፤ የምትፈልጊው ነገር ሁሉ ከመበጠሱ በፊት ያለው ነውና። ዜሮሽን ደግሞ ከያንዳንዱ መስመር ጭራ፣ ሽቦዎቹ ከተላቀቁ በኋላ ካለው ክፍል፣ ውሰጂ። በዚህ መንገድ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታውም የኦፕ-አምፑ ኦፍሴትም አብረው ይቀነሳሉ፤ ለ100 ማይክሮሰከንድ መስኮት ሁለቱም ቋሚ ናቸው ማለት ይቻላል።

---

ነጥብ_ንክኪ፦

ኦም_ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ አደጋ አለው። የሬዚስታንስ ቅነሳ ሲለመድ ሰው ደረጃዎቹ ሙሉ ቁጥር ላይ እስኪቀመጡ ድረስ የሚቀነሰውን ቁጥር ማስተካከል ይጀምራል። ያኔ ልኬት መሆኑ ቀረ። ተከታታይ ሬዚስታንሱን ለብቻው ለኪው፦ ሽቦዎቹን አጥብቀሽ አጣብቂና ጠቅላላውን አንብቢ፤ ያንን ብቻ ቀንሺ፣ ሌላ አትንኪ።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? ሙሉ ቁጥር ሕግ ስላልሆነ። የፊዚክስ ሊቁ ላንዳወር በ1957 ባቀረበው አስተሳሰብ፣ የአንድ ጠባብ ንክኪ ኮንዳክታንስ የቻናሎቹ ድምር ነው፤ እያንዳንዱ ቻናል ደግሞ ከ0 እስከ 1 የሆነ የማሳለፍ ዕድል አለው። ሙሉ ቁጥር የሚመጣው ክፍት የሆኑት ቻናሎች በሙሉ አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። አንድ የወርቅ አቶም በውጭኛው የኤስ ኦርቢታሉ (የኤሌክትሮን ምሕዋሩ) አንድ ቻናል ብቻ ያቀርባል፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ 1 ላይ ይቆማል። ሁለትና ሦስት አቶም ሲሆን ግን አንዱ ቻናል 1፣ ሌላው 0.8 ሊሆን ይችላል። በወርቅ ሂስቶግራም (እያንዳንዱ ዋጋ ስንት ጊዜ እንደታየ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ ሁለተኛው ጉብታ ከ2 ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሦስተኛውም ሰፍቶ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። በትክክል ከቀነስሽ በኋላ ሁለተኛው 1.85 ቢወጣ ሰርኪዩትሽን አትውቀሺ።

አሉሚኒየም ከዚህ የተለየ ነው። የመጨረሻው አቶም ሦስት ቻናል አለው፣ ሁሉም በከፊል ክፍት ናቸው፤ ድምራቸው 0.8 አካባቢ ይሆናል። ስታዪው አንድ ቻናል የቆሸሸ ይመስላል፣ ነገር ግን ሦስት ናቸው። ይህን በሱፐርኮንዳክተርነት ሙቀት ውስጥ ለያይተው ያሳዩት ሼርና ባልደረቦቿ ናቸው፤ በ1998 ባወጡት ሥራ ለኒዮቢየም አምስት ቻናል፣ ለወርቅ አንድ አገኙ። የቻናሉን ብዛት የሚወስነው የአቶሙ የቫለንስ ኦርቢታል ነው ማለት ነው።

አንቺ ያየሽው ዝብርቅርቅ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ነገር ነው። አሉሚኒየም በአየር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ኦክሳይድ ይለብሳል። ኤሌክትሮን በተነሊንግ (ንክኪ ሳይኖር ሾልኮ በማለፍ) የሚሻገረው ክፍተት በ0.1 ናኖሜትር ሲሰፋ ከረንቱ ወደ አሥር እጥፍ ይወድቃል፤ 3 ናኖሜትር ኦክሳይድ ግድግዳ ነው። መዳብ በኦርቢታሉ ከወርቅ ጋር ይመሳሰላል፣ በቫኩም ውስጥ ጥሩ ደረጃም ይሰጣል፤ በአየር ግን ገጹ ስለሚዛግ የምትለኪው የተሰባበረ ኦክሳይድ ነው። በጠረጴዛ ላይ፣ በአየር ውስጥ፣ ወርቅን የሚተካ የለም። እሱንም በአሴቶን ከዚያም በአይሶፕሮፓኖል እጠቢው፣ ከዚያ በኋላ ጫፉን በጣት አትንኪ።

ሌላው፦ ደረጃ በዓይን መርጠሽ አትቁጠሪ። ዓይን ቆንጆ መስመር ይወዳል። ቢያንስ አንድ ሺህ መስመር ሳትመርጪ ሰብስቢ፣ ሁሉንም ነጥብ በ0.02 ስፋት ወዳላቸው ቋቶች ክፈዪ፣ ሂስቶግራሙ ይናገር።

---

አንገት_ሰባሪ፦

መገናኘትና መላቀቅ ለምን ግልባጭ እንዳልሆኑ ማንም አልነካውም፤ የጉዳዩ ጣፋጭ ክፍል ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ደረጃው *የት* እንደሚቆም የሚወስነው ኳንተም ነው። ደረጃው *መቼ* እንደሚዘል የሚወስነው ግን መካኒክ ነው። ሽቦው ሲለጠጥ አንገቱ እንደ ማስቲካ ያለማቋረጥ አይቀጥንም። አቶሞቹ ባሉበት ሆነው በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሳባል፣ ኃይል ይጠራቀማል፤ ከዚያ ድንገት ይንሸራተቱና አዲስ አሰላለፍ ይይዛሉ፣ አንገቱም በጥቂት አቶሞች ይቀጥናል። ሩቢዮ፣ አግራይትና ቪዬራ በ1996 ኃይሉንና ኮንዳክታንሱን በአንድ ጊዜ ሲለኩ የኮንዳክታንሱ ዝላይ የሚመጣው ኃይሉ በሚላቀቅበት ቅጽበት መሆኑ ታየ። ስለዚህ ያ ቀጥ ያለው መስመር የሚለጠጥ አንገት ነው፤ ገደሉ ደግሞ የአቶሞች መንሸራተት።

ስትላቅቂው መጨረሻ ላይ አንድ አቶም ይቀራል። የወርቅ ጉድ እዚህ ላይ ነው፦ ያ አቶም ሲሳብ ሌሎች አቶሞችን ከጫፎቹ እየጎተተ ያወጣና አንድ አቶም ውፍረት ያለው ሰንሰለት ይሠራል። ያንሰንና ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም ኦኒሺ፣ ኮንዶና ታካያናጊ በ1998 በየፊናቸው አሳይተውታል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በ1.5 ናኖኒውተን አካባቢ ነው። ሲበጠስ የተለጠጡት ጫፎች ወደየቤታቸው ይሸሻሉ፤ ክፍተቱ በአንዴ ስለሚሰፋ ኮንዳክታንሱ ከ1 ወደ ጥቂት ሺኛ ክፍል ይወድቃል።

ሲጠጉ የሚሆነው ሌላ ነው። ሁለቱ ጫፎች ጥቂት የናኖሜትር አሥረኛዎች ሲቀራቸው በመካከላቸው ያለው ስበት ጫፉ ላይ ያሉትን አቶሞች ከጀርባቸው ከያዛቸው ኃይል ይበልጣል። ያኔ ጫፉ ይዘላል። ማንም ሳይገፋው ንክኪ ይፈጠራል፤ ካንቺ ስክሪን ላይ ከዜሮ ወደ 1 ወይም ወደ 2 የሚወጣው ቀጥ ያለ መስመር ይህ ነው። ላንድማንና ባልደረቦቹ በ1990 በኮምፒውተር ሲሙሌሽን የኒኬል ጫፍ ወደ ወርቅ ገጽ ሲጠጋ የወርቁ አቶሞች ተነሥተው ሲቀበሉት አሳዩ፤ ጫፉ ሲመለስም ወርቁ እንደ አንገት ተስቦ ተከተለው። በጣም ጠንካራ በሆነው ተንግስተን ግን ዝላዩ ይጠፋል፤ ከተነሊንግ ወደ ንክኪ የሚደረገው ሽግግር ለስላሳ ነው፣ አቶሞቹን ከቦታቸው የሚያስነሣ ስበት አይበቃም።

አንድ የጎን ነገር፦ በ50 ሚሊቮልት በአንዱ አቶም የሚያልፈው 3.9 ማይክሮአምፔር ለስፋቱ ሲካፈል በካሬ ሚሊሜትር ወደ 60 ሚሊዮን አምፔር ነው። የግድግዳ ውስጥ መዳብ የሚችለው በካሬ ሚሊሜትር ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። አቶሙ የማይቀልጠው ኤሌክትሮኖቹ እዚያ ቦታ ሳይጋጩ ስለሚያልፉ ነው፤ ኃይላቸውን የሚጥሉት ከንክኪው ርቀው፣ በወፍራሙ ሽቦ ውስጥ ነው። ቮልቴጁን ከፍ ካደረግሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። በክፍሉ ሙቀት ብዙ ስትጨምሪው ደረጃዎቹ ያጥራሉ፣ አቶሞቹ መረጋጋት ያቅታቸዋል። 50 ጥሩ ቁጥር ነው፣ እዚያው ቆዪ።

---

ወርቂት፦

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። በኦም_ቆጣሪ ሒሳብ ሳስተካክለው የመጀመሪያው 1 ላይ ተቀመጠ። ኦፕ-አምፑን እሠራለሁ።

ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ። ደረጃዎቹ 10 ማይክሮሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚቆዩት፤ እንዴት ላዘግየው? ደግሞስ፣ ይህ የአንድ አቶም 12.9 ኪሎኦም በምን መጠን ላይ ነው የለመድነው የሬሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ወይም የኮኔክተር ሚሊኦም የሚሆነው?

---

አንገት_ሰባሪ፦

ለማዘግየቱ፦ አንድ ደረጃ 0.2 ናኖሜትር ያህል ርዝመት አለው። በ10 ማይክሮሰከንድ ካለፈ ሽቦዎችሽ በሰከንድ 20 ማይክሮሜትር እየተራራቁ ነው። ጠረጴዛ በመምታት ከዚህ የዘገየ ነገር አይገኝም።

የሚሠራው ተጣጣፊ ሰሌዳ ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፎስፈር ብሮንዝ ሰሌዳ ውሰጂ፣ ላዩን በፖሊኢማይድ ቴፕ ሸፍኚው ሽቦው ከብረቱ ጋር እንዳይነካካ። 0.1 ሚሊሜትር የወርቅ ሽቦ አጋድሚና በሁለት የኢፖክሲ ጠብታ አጣብቂው፤ በጠብታዎቹ መካከል 0.2 ሚሊሜትር ይቅር። ኢፖክሲው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በጠብታዎቹ መሃል ሽቦውን በምላጭ ዙሪያውን ጥረቢው፣ ሳይበጠስ ቀጭን እስኪሆን ድረስ። ሰሌዳውን በ20 ሚሊሜትር ርቀት ባሉ ሁለት ድጋፎች ሥር አስገቢና ከታች በመሃሉ በብሎን ግፊው።

የማሳነሻው ቁጥር እንዲህ ይወጣል፦ ስድስት ጊዜ ውፍረቱ ጊዜ በጠብታዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ ለድጋፎቹ ርቀት ስኩዌር ሲካፈል። በኛ ልክ 6 ጊዜ 1 ጊዜ 0.2 ለ400፣ ማለትም 0.003። ሰሌዳው 1 ማይክሮሜትር ሲገፋ ክፍተቱ በ3 ናኖሜትር ብቻ ይከፈታል። በየዙሩ 0.5 ሚሊሜትር የሚሄድ ብሎን በአንድ ዲግሪ 1.4 ማይክሮሜትር ይገፋል፤ ያ 4 ናኖሜትር ስለሆነ ገና ሻካራ ነው። ስለዚህ ብሎኑ እስከ መበጠሱ አካባቢ ያደርስሻል፣ ከዚያ ወዲያ ከብሎኑ ጫፍ ላይ በተቀመጠ ፒዬዞ (ቮልቴጅ ሲሰጠው በጥቂቱ የሚረዝም ክሪስታል) ጨርሺው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኢፖክሲው ላይ ነው። ጠብታዎቹ ሰፍተው ከተገናኙ ጥረባውን ይሸፍኑታል። ካልደረቀ ደግሞ ሽቦው በውስጡ ይንሸራተትና ብሎኑን ብትመልሺውም ንክኪው አይመለስም። ኢፖክሲው ለስላሳ ዓይነት ከሆነም እንዲሁ፤ ከደረቀ በኋላ ጥፍር የማይገባበት ይሁን።

---

ነጥብ_ንክኪ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ሁለት ቀመር አለ፣ የሚለያያቸው ኤሌክትሮን ሳይጋጭ የሚሄደው አማካይ ርቀት ነው። በወርቅ በክፍል ሙቀት 38 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ንክኪው ከዚህ በጣም ካነሰ ኤሌክትሮኑ እንደ ጥይት ያልፋል፤ ሬዚስታንሱ የሚመጣው ወፍራሙ ሽቦ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በጠባቡ በር ስለማይገቡና ስለሚመለሱ ብቻ ነው። ይህ የሻርቪን ሬዚስታንስ ይባላል፣ በራዲየሱ ስኩዌር ልክ ይቀንሳል። ንክኪው በጣም ከበለጠ ደግሞ የተለመደው የማክስዌል ቀመር ነው፦ የብረቱ ሬዚስቲቪቲ ለሁለት ጊዜ ራዲየሱ ሲካፈል።

ለወርቅ ሲሰላ፦ በ1 ናኖሜትር ራዲየስ ሻርቪን 355 ኦም፣ ማክስዌል 11 ኦም። በ10 ናኖሜትር 3.6 እና 1.1። በ100 ናኖሜትር 0.036 እና 0.11። የሚገናኙት 32 ናኖሜትር ላይ ነው። ከዚያ በላይ ኳንተሙን መርሳት ይቻላል። (1 ናኖሜትሩ በነገራችን ላይ 36 ቻናል ነው፤ በዚያ መጠን ደረጃ መፈለግ ከንቱ ነው።)

ሬሌና ኮኔክተር ከዚህ በጣም ይርቃሉ። ሁለት ገጾች ሲጫኑ የሚነካኩት በጉብታዎቻቸው ብቻ ነው፣ እውነተኛው የንክኪ ስፋትም ኃይሉ ለብረቱ ጥንካሬ ሲካፈል ነው፤ የገጹ ስፋት አይገባበትም። በ0.5 ኒውተን ኃይልና 1 ጊጋፓስካል ጥንካሬ ባለው የወርቅ ልባስ፣ ስፋቱ ወደ አንድ ቦታ ቢሰበሰብ 12.6 ማይክሮሜትር ራዲየስ ይሆናል፤ ሬዚስታንሱ 0.9 ሚሊኦም ገደማ። ኮኔክተር አምራቾች ስለ ስፋት ሳይሆን ስለ ኃይል የሚያወሩት ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፊልም (ገጹን የሚሸፍን ስስ የዝገት ወይም የቆሻሻ ሽፋን) እስካልመጣ ድረስ ነው። ወርቁ ቀጭን ከሆነ (0.1 ማይክሮሜትር ያህል) ቀዳዳ አለው፣ ከሥሩ ያለው መዳብ በቀዳዳው ይወጣና ይዝጋል፤ ስለዚህ በመካከል ቢያንስ 1.25 ማይክሮሜትር ኒኬል ይደረጋል። ቆርቆሮ ልባስ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ በንዝረት በአሥር ማይክሮሜትሮች ወዲያ ወዲህ ሲል በየጊዜው አዲስ ብረት ይጋለጣል፣ ይዝጋል፣ ዝገቱም እየተፈጨ እዚያው ይከመራል። ወርቅና ቆርቆሮ ፊት ለፊት አይጋጠሙም።

ሬሌ ስትፈትሺ መልቲሜትሩን በቀጥታ አትለጥፊበት። የኦም መለኪያው ቮልቴጅ ፊልሙን በስቶ ጤነኛ ንክኪ ያሳይሻል፤ በኋላ ሬሌው ሚሊቮልት ሲግናል ሲሰጠው አያሳልፍም። በአራት ሽቦ ለኪ፣ ክፍት ሲሆን የሚታየው ቮልቴጅ ከ20 ሚሊቮልት፣ ከረንቱም ከ100 ሚሊአምፔር እንዳይበልጥ ገድቢው።